የማይሸት ቅባት

ሰው ሊያገባ ሲል ስለ ድንኳኑ ያስባል፣ ስለ ጠላው መቅጠን ያስባል፣ ስንት ሰው ሳይጠሩት ይመጣ ይሆን ብሎ ያስባል። እኔ የማስበው ስለ ክንዴ ነበር። እጮኛዬ ጠዋት ሲደውል እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን አልነበረም። "ክንድሽ እንዴት አደረ?" ይላል፤ "አንቺስ?" የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ክንዴን ወክዬ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንሽ ተቆጥቶ ነበር" እለዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳዬ ስስ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የክርኔ መታጠፊያ፣ አንገቴና የእጄ አንጓ ያሳክኩኛል፤ ስነካው ይቀላል፣ ሳክከው ይቆስላል፣ ሲሽር ጠቁሮ ይቀራል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ለእንዲህ ያለ ገላ የምትራራ ከተማ አይደለችም። ሙቀቱ ከማለዳ ጀምሮ ይዞኝ ይውላል። በላዩ ላቡ አለ፣ አቧራው አለ፤ አስተማሪ ነኝና የጠመኔው ብናኝም አለ። ሰሌዳ ላይ በአንድ እጄ እየጻፍኩ በሌላው እንደማክ ተማሪዎቼ አጥንተውኛል። አንዲት ትንሽ ልጅ በእረፍት ሰዓት እኔን ሆና ስትጫወት በመስኮት አየኋት፤ በአንድ እጇ ግድግዳው ላይ እየጻፈች በሌላው ክንዷን እንደ ጉድ ታካለች። ጓደኞቿ በሳቅ ወደቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ልቤ ደነገጠ።

ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ያ ሮቢት እሳት የምትተፋበት ወቅት ነው። ልብስ ሰፊዋ ጥበቡን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ "እጅጌው አጭር ይሁን ረጅም?" አለችኝ። ቀላል ጥያቄ ነበር፤ ለኔ ግን አልነበረም። አጭር እጅጌ እፈልጋለሁ! ሙሽራ ሆኜ ራሴን በሐሳቤ ባየሁ ቁጥር ክንዴ ተገልጦ፣ አምባር አድርጎ ነው የማየው። እናቴ ከጎኔ ነበረችና የተሸፈነውን ክንዴን በዓይኗ ዳሰስ አድርጋ፣ "ረጅም ይሁን፤ እንደ አክስትሽ ቀሚስ" አለች።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ በሚሄድበት ቀን እሳቸው እስከ መዳፋቸው የሚደርስ እጅጌ ለብሰው፣ በላዩ ሹራብ ደርበው፣ መሐል መንገድ ይዘው ይሄዳሉ። "እትዬ፣ አይሞቅዎትም?" ያላቸው ሁሉ "ጨዋ ሴት ክንዷን ለገበያ አታወጣም" የሚል መልስ ይሰጠዋል። በቤተሰባችን ጥሎሽ ሲመጣ የሙሽራዋን ወገን ሆነው የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። ሚዜዎቹ ቀሚሱን፣ ጫማውን፣ ወርቁን አንድ በአንድ ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ አክስቴ ደግሞ እያንዳንዱን አገላብጠው አይተው "ይህስ ሳስቷል፣ ያኛውስ የታለ?" እያሉ ላብ በላብ ያደርጓቸዋል። እሳቸው "ተቀብለናል" ካላሉ ሙሽራ ከቤት አትወጣም።

"እጅጌውን ለጊዜው ተይው፤ ሌላውን ስፊ" አልኳት ሰፊዋን።

"ኋላ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆን" ብላ አስጠነቀቀችኝ።

በልቤ ቆርጫለሁ። እስከ ሠርጉ ክንዴ ካማረበት አጭር፣ ካላማረበት ረጅም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ነርሷ ክንዴን አገላብጣ አይታ፣ ተላላፊ አለመሆኑን፣ ቆዳዬ በተፈጥሮው ቶሎ የሚደርቅና የሚቆጣ መሆኑን ነገረችኝ። በጣም ለሚብስበት ቀን የሚቀባ መድኃኒት ሰጠችኝና "ለዘወትሩ ግን የሚስማማሽን ማለስለሻ ቅባት እየሞከርሽ መፈለግ ያንቺ ሥራ ነው" አለችኝ። ቅባት መፈለግ ሥራ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እንዴት ያለ ሥራ ሆነ!

በኛ አገር ጥሩ ቅባት የሚገዛው ሽቅብ ወጥቶ ነው። የሮቢት ሱቅ ጣሪያው ቆርቆሮ ነውና ቅባት ሲሰነብትበት ይቀልጣል፤ ክዳኑን ስትከፍተው ከላይ ዘይት፣ ከታች አሸዋ የመሰለ ነገር ሆኖ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ደብረ ሲና የሚወጣ ሰው ሁለት ነገር ይታዘዛል፤ ቆሎና ቅባት። እጮኛዬ ደግሞ የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ ሥራውም ቤቱም እዚያው። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ቅዳሜ በማለዳ ለአማቴ የሚሆን ማንጎ በፌስታል አንጠልጥዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መንገዱ ሽቅብ እየተጠማዘዘ በወጣ ቁጥር ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ሰው መስኮት ይዘጋል፣ ነጠላውን ይከናነባል። እጮኛዬ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና በቀጥታ ገበያ ገባን። የቅባት መዓት! ሮዝ አለ፣ ቢጫ አለ፣ በላዩ ሴት የምትስቅበት አለ፣ ሕፃን የተኛበት አለ። እኔ እከፍታለሁ፣ እሱ ያሸታል። ሽታ ያለው ነገር እንደማይስማማኝ ስለማውቅ ሽታው የበረታውን ሁሉ ወደ ኋላ ገፋነው። በመጨረሻ እንደ ቅቤ የወፈረ፣ በጣት ሲዘግኑት ቀጥ ብሎ የሚቆም አንድ ቅባት አገኘን። እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ እጅጌዬን ሰብስቤ ከአንጓዬ እስከ ክርኔ ተለቀለቅኩት።

ጸጥ አለ። ማሳከኩ ጸጥ አለ! የደብረ ሲና ቀዝቃዛ ነፋስ በክንዴ ላይ ሲያልፍ ዓመታት ሙሉ ያልሰማሁት ዝምታ በቆዳዬ ላይ ሰፈነ። "ዳስሰው እስቲ! ዳስሰው!" እያልኩ መንገድ ላይ ጮህኩ። እጮኛዬ ሰው እያየን ነው ብሎ አፈረ፤ ዳሰሰው ግን። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁና ስልኬን አውጥቼ ሰፊዋ ዘንድ ደወልኩ። "አጭር! እጅጌውን አጭር አድርጊው! አሁኑኑ ቁረጪው!" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ቁልቁል ተመለስኩ። መንገዱ አጋማሽ ላይ እስካለችው ከተማ፣ እስከ አርማንያ ድረስ ንግሥት ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ሰው መስኮቱን መክፈት ጀመረ፤ ሙቀቱ ወደ ላይ መጥቶ ተቀበለን። ቅባቱ ያብረቀርቅ ጀመር፣ ከዚያ ፈሰሰ፣ በላዩ አቧራ ተለጠፈ። ከሥሩ ላቡ መውጫ አጥቶ ጉንዳን እንደገባበት አደረገኝ። ማከክ ጀመርኩ። መጀመሪያ በጨዋ ደንብ፣ ቀስ ብዬ፤ ኋላ ያለ ሐፍረት። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ገላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ከወዲያኛው ጎኔ ግን ወደ አጣዬ የምትሻገር አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ነበረች። የውኃ ፕላስቲኳን ከፍታ የሻሿን ጫፍ አራሰችና ክንዴ ላይ አደረገችልኝ።

"አላህ ያሽርሽ እቴ። ምን ተቀብተሽ ነው?"

የቅባቱን ዕቃ አሳየኋት። ከፈተችው፣ በጣቷ ነካችው፣ ሳቀች።

"ይሄማ ጋቢ ነው! ጋቢ ለብሰሽ ቆላ ትወርጃለሽ?"

ሳቋ ተጋባብኝና እያከክሁ ሳቅሁ። ነገሩ ግልጽ ሆኖልኝ ነበር። ደጋ ላይ ሆኜ ለቆላ ገላዬ ቅባት መረጥኩ። ብርዱ ያስታገሰልኝን ቅባቱ ያስታገሰልኝ መሰለኝ። ስንት የሮቢት ሰው ይሆን ሽቅብ ወጥቶ እንደኔ የብርድ ቅባት ተሸክሞ የወረደው? ከመኪና እንደ ወረድኩ ወደ ሰፊዋ ደወልኩ።

"ቆረጥሽው እንዴ?"

"ቆረጥኩት! አቤት ሲያምርበት!" አለች።

የተቆረጠ እጅጌ አይቀጠልም። እናቴ ስትሰማ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ግን፣ እውነቴን ነው፣ አላዘንኩም። እንዲያውም ወኔ መጣብኝ። ከእንግዲህ መመለሻ የለም፤ ወይ ቅባቱን አገኛለሁ፣ ወይ የተላጠ ክንዴን ይዤ ሕዝብ ፊት እወጣለሁ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያው ሮቢት ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ያለ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ማቀዝቀዣ ስላለው ቅባት አይቀልጥበትም። የመድኃኒት ባለሙያዋ በኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ናት። የጋቢውን ታሪክ ስነግራት ጠረጴዛዋን እየደበደበች ሳቀች፤ ከዚያ መርማሪ ሆነች። ገላሽን በቀን ስንት ጊዜ ትታጠቢያለሽ? በምን ሳሙና? በምንድን ነው የምታሺው? መለስኩላት። ሮቢት ውስጥ ማን በቀን አንዴ ታጥቦ ያድራል? ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፤ አረፋው እስኪሞላ፣ መዓዛው ጎረቤት እስኪደርስ፣ ገላዬ በማሻ እስኪግል ነበር የምታጠበው።

"በይ እንግዲህ፣ ቆዳሽን የምታደርቂው አንቺው ራስሽ ነሽ" አለችኝ። ውኃው ለብ ያለ፣ መታጠቡ አጭር፣ ሳሙናው ሽታ የሌለው ይሁን አለች። በፎጣ ነካ ነካ አድርጎ፣ ቆዳው እርጥብ እንዳለ ነው ቅባቱ የሚቀባው። "ሲሸትሽ ደስ የሚልሽን ሳይሆን ምንም የማይልሽን ፈልጊ። እንዳትለቀለቂው ደግሞ! በክርንሽ መታጠፊያ በኩል በትንሹ፣ አንዱን ብቻ፣ ለጥቂት ቀናት ሞክሪ። ካቃጠለሽ ወይ ከቀላ ተይውና ወደ ሌላው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

እኔ ደግሞ ከጋቢው የተማርኩትን አንድ ነገር ጨመርኩበት። የምሞክረው በቀትር ነው፣ ጥላ ሳልይዝ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በእግሬ ስሄድ፣ ላብ በላብ ሆኜ። እዚያ ያልከዳኝ ቅባት የትም አይከዳኝም። የመጀመሪያው ሽታ የለውም ተብሎ ነበር፤ ግን ገና መንገዱን ሳላጋምስ ለበለበኝ። ሁለተኛው አላቃጠለኝም፤ ግን አልገባም ብሎ ላዬ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሦስተኛው ነጭ፣ ሳሳ ያለ፣ ካርቶኑ ላይ ሥዕል እንኳ የሌለው፣ ድሀ የመሰለ ቅባት ነው። ቀባሁት፣ ጠጣው። ሄድኩ፣ አላበኝ፣ አቧራ ነፈሰብኝ። ቤት ስደርስ ለካ ክንዴን ረስቼው ነበር! ለማንም ላስረዳው የማልችለው ደስታ ይሄ ነው፤ መርሳቱ።

እናቴ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው፤ ደግማ አሸተተችው። "ምንም አይሸትም'ኮ! ያልሸተተ ምን ይሠራል?" አለች። ለኛ ሰው ሽታ ጉልበት ነው፤ ነጭ ሽንኩርትም፣ ጤና አዳምም የሚታመኑት ስለሚሸቱ ነው። እኔ ግን እየቀባሁ ሰነበትኩ። ቁስሉ ደረቀ፣ ቅላቱ ጠፋ፣ ጥቁረቱ ቀስ እያለ ሳሳ። እጮኛዬ ጠዋት ደውሎ "ክንድሽ እንዴት አደረ?" ሲለኝ "እንቅልፉን ለጥጦ! እኔም ለጥጬ!" ብዬ ጮህኩበት። ያቺ ትንሽ ልጅም ጨዋታዋን ለወጠች፤ እኔን ስትሆን አሁን አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው የምትጽፈው።

ታዲያ ደስታዬ ሙሉ በሆነ ሰዓት አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ቀጥ አልኩ። ሽቶ!

በኛ አገር ሚዜዎች ሙሽራ ሊወስዱ ሲመጡ ሴቶቹ በር ላይ ተደርድረው አናሳልፍም ይላሉ። ሚዜዎቹ የሚያልፉት ሽቶ እየረጩ ነው። መጀመሪያ በረኞቹ ላይ፣ ከዚያ ሙሽራዋ ላይ ያርከፈክፉታል፤ ሽቶው በበዛ ቁጥር የሙሽራው ወገን ይከበራል። በአጎቴ ልጅ ሠርግ እኔ ከበረኞቹ አንዷ ነበርኩ። ሽቶው አንገቴ ላይ ሲያርፍ እንደ በርበሬ ነው ያነደደኝ፤ ሠርጉ አልቆ ድንኳኑ ሲፈርስ እኔ ገና እያከክሁ ነበር።

ለእጮኛዬ ነገርኩት።

"ሽቶ ያልያዘ ሚዜ ማን ያስገባዋል? አክስትሽስ?"

"እሱን ነው የምልህ!"

"ግዴለም፣ ለኔ ተይው" አለኝ። ምን እንደሚያደርግ ግን አልነገረኝም።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ታጥቤ፣ ገላዬ እርጥብ እንዳለ ያንን ድሀ ቅባቴን ተቀብቼ፣ አጭር እጅጌ ቀሚሴን ለበስኩ። አምባሩን አደረግሁና መስታወት ፊት ቆምኩ። ክንዴ አምሮ ነበር። የኔ ክንድ! አክስቴ ሊያዩኝ ገቡ፤ ረጅም እጅጌያቸውን፣ በላዩ ሹራባቸውን ለብሰዋል። ክንዴ ላይ ዓይናቸው ቀረ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አንድም ቃል ሳይናገሩ ወጡ። ገረመኝ።

ቀትር ላይ መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ ደረሱ። ሴቶቹ በሩን ዘጉ፤ ጭብጨባው፣ ዘፈኑ፣ ግፊያው ሌላ ሆነ። እኔ ከውስጥ ተቀምጬ ቀና ብዬ ሳይ፣ አንደኛው ሚዜ እጁን ከሰዎቹ በላይ አነሳ። የያዘው የሽቶ ብልቃጥ አይደለም። ፀጉር ቤት ውስጥ ውኃ የሚረጩበት ትልቅ የፕላስቲክ መርጫ ነው፤ አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮለታል። ቃታውን ሳበው። በረኞቹ "ዋይ!" ብለው ጮሁ።

"ይሄ ውኃ ነው! ኧረ በረዶ ነው!"

ሌሎቹም ሚዜዎች እንደዚያው ያለ መርጫ መዘዙ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ግፊያ ውስጥ፣ ከደብረ ሲና ምንጭ ተቀድቶ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ የወረደ ውኃ እንደ ካፊያ ወረደባቸው። በር ይዘው የነበሩት ሴቶች በሩን ለቀው "እኔን! እኔን!" እያሉ ፊታቸውን ሰጡ። ከዚያ እኔ ጋ ደረሱ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። ቅዝቃዜው አንገቴና ክንዴ ላይ አረፈ፤ ምንም አይሸትም፣ ምንም አያቃጥልም። ሙሽራ መሆኔን ረስቼ በሳቅ ፈነዳሁ።

አክስቴ ግን ብድግ አሉ። "ውኃ ይዛችሁ መጣችሁብን? የልጃችን ዋጋ ውኃ ነው?"

"እትዬ፣ ለሮቢት ቀትር ከዚህ የበለጠ ሽቶ አለ?" አለ ሚዜው ጎንበስ ብሎ። ሰው ሳቀ፤ አክስቴ አልሳቁም። ጥሎሹ ተከፈተ። ቀሚሱ አለፈ፣ ጫማው አለፈ፣ ወርቁ ብዙ ከተገላበጠ በኋላ አለፈ። በመጨረሻ ሚዜው በሪባን የታሰሩ ነጭ ካርቶኖች ከፍ አደረገ። ሥዕል የላቸውም፤ የኔ ቅባት! አክስቴ አንዱን ከፍተው አሸተቱ።

"ሽቶ የለ፤ ቅባቱም አይሸት። ይሄን አንቀበልም!"

ከሰዎቹ መሐል እጮኛዬን አየሁት፤ ፊቱ ቀልቷል። ሊናገር አፉን ሲከፍት ገባኝ፤ ጥፋቱን በራሱ ሊወስድልኝ ነው፣ የኔን ገመና ላለማውጣት። ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች እንጂ አትናገርም። እኔ ግን ቆምኩ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ አታምጡ ያልኩት። ሽቶ ገላዬን ያነድደዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳክከኛል። ይሄን ቅባት ፈልጌ እስካገኘው ድረስ ምን እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው።"

አክስቴ ካርቶኑን እንደያዙ ቆሙ። አንዴ ክንዴን፣ አንዴ ቅባቱን አዩ። ከዚያ ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ እስኪመስል ዝግ ብለው "ተቀብለናል" አሉ። እልልታው ቀለጠ።

ሰው ወደ ማዕዱ ሲዞር አክስቴ እጄን ይዘው ጓዳ አስገቡኝና በሩን ዘጉት። ካርቶኑን አሁንም አልለቀቁትም። ሹራባቸውን አወለቁ። የቀሚሳቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰቡት። ክንዳቸው የኔ የድሮ ክንድ ነበር፤ መታጠፊያው ቀልቷል፣ አንጓው ጠቁሯል፣ መሐሉ የጥፍር መስመር በመስመር ነው።

"በሠርጌ ዕለት ሽቶውን ሲያርከፈክፉብኝ አለቀስኩ" አሉኝ። "ሰው ሁሉ እናቷን ልትለይ ስለሆነ ነው አለ። እናቴም እንደዚያ መስሏት አብራኝ አለቀሰች። ለማንም አልነገርኩም።"

ቅባቱን ተቀብዬ ከፈትኩት። "በትንሹ ነው የሚሞከረው እትዬ፣ መጀመሪያ በክርን በኩል፤ ከዚያ ጥቂት ቀን ይጠብቃሉ" አልኳቸው።

"ዕድሜ ልኬን ጠብቄ አሁን ደግሞ ልጠብቅ?" አሉ፤ ግን ክርናቸውን ሰጡኝ። ቀባኋቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱትና "እውነትም ምንም አይሸትም" ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያን ቀን ሳቁ።

ከውጭ "ሙሽሪት! ሙሽሪት የታለች?" እያሉ በሩን ደበደቡ። አክስቴ እጅጌያቸውን ሊመልሱ ጨርቁን ያዙ።

"ቅባቱ ይጠረጋል" አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ሹራቡን ጓዳው ውስጥ ትተው፣ እጅጌያቸውን እንደ ሰበሰቡ፣ በአንድ እጃቸው እኔን ይዘው ከፊቴ ወጡ።